አንድ ሆቴል፣ አራት ወቅት፦ በአልፕስ ተራሮች የእንግዳ ማረፊያ ሥራና የወቅቶች መፈራረቅ

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ላይ የሚገኙ ነባር ሆቴሎች በአንድ ዓመት ውስጥ በራቸውን ሁለት ጊዜ ይከፍታሉ፤ ሁለት ጊዜም ይዘጋሉ። በሚያዝያ ወር አጋማሽ፣ የሸለቆው ሜዳ አረንጓዴ መልበስ በሚጀምርበት ጊዜ ወደ ሥፍራው የሚያቀና መንገደኛ መስኮቶቹ በእንጨት መዝጊያ የተሸፈኑ፣ እንግዳ መቀበያው ጭር ያለ ሕንፃ ሊያጋጥመው ይችላል። ሆቴሉ ከሥራ ውጪ የሆነው በኪሳራ ወይም በብልሽት ምክንያት ሳይሆን ወቅቱ እስኪደርስ በመጠባበቅ ላይ በመሆኑ ነው።

በእነዚህ ተራሮች የሆቴል ሥራ ከወቅቶች መፈራረቅ ጋር ተሳስሮ የተደራጀ ነው። የሚከፈለው ዋጋ፣ የሚቀርበው ምግብ፣ የሚቀጠረው ሠራተኛ፣ የሚመጣው እንግዳና እንግዳው የሚያገኘው አገልግሎት ሁሉ እንደየወቅቱ ይለያያል። ይህ አሠራር ከመቶ ዓመታት በላይ የዘለቀና ለብዙ ተራራማ መንደሮች የኑሮ መሠረት የሆነ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ግን የወቅቶቹ መዛባት ሥርዓቱን ለፈተና እየዳረገው ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ወራቱ ግን ለአንባቢ እንዲቀልሉ በአገራችን ስያሜ ቀርበዋል።

ከፍታና የፀሐይ ብርሃን

የአልፕስ ተራሮች ከፈረንሳይና ከሞናኮ የባሕር ጠረፍ ተነስተው በጣሊያን፣ በስዊዘርላንድ፣ በሊክተንስታይን፣ በጀርመንና በኦስትሪያ አልፈው እስከ ስሎቬኒያ ይዘልቃሉ። ርዝመታቸው 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከፍተኛው ጫፍ የሆነው ሞንብላን ከ4 ሺህ 800 ሜትር በላይ ከፍታ አለው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በቅድሚያ ሊብራራ የሚገባው የከፍታው ጉዳይ ነው። በበረዶ ስፖርት እጅግ የታወቀችው የስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከአዲስ አበባ በ500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በበርን ግዛት ካሉት ተራሮች በአንዱ አናት ላይ በ2 ሺህ 681 ሜትር ከፍታ የሚገኘው የፋውልሆርን ሆቴልም ከደብረ ብርሃን ዝቅ ያለ ነው። በዚያ ከፍታ አዲስ አበባ ላይ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያለ ችግር ሲኖር፣ በአልፕስ ግን ለወራት በበረዶ የሚሸፈንበት ምክንያት አካባቢው ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው። ተራሮቹ በሰሜን ከ44 እስከ 48 ዲግሪ ኬክሮስ ባለው ክልል የሚገኙ በመሆናቸው በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን ወደ 8 ሰዓት ተኩል ያጥራል፤ በሰኔ ወር ደግሞ ወደ 16 ሰዓት ይጠጋል። በአገራችን የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ሆኖ ወቅቶች በዋነኛነት በዝናብ ሲለዩ፣ በዚያ ግን ወቅቶች የሚለዩት በብርሃንና በሙቀት ነው።

የቃላት አጠቃቀምም ጥንቃቄ ያሻዋል። ክረምት ስንል እኛ የምናስበው ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ የሚጥለውን ዝናብ ሲሆን፣ በአልፕስ ብርዱ የሚጠናው በእኛ በጋ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። በረዶ የሚለው ቃልም በአገራችን በዝናብ መካከል እንደ ጠጠር የሚወርደውን ያመለክታል። በአልፕስ የሚወርደው ግን እንደ ጥጥ ብናኝ የለሰለሰና ቀስ በቀስ እየተከማቸ ከሰው ቁመት በላይ ሊሆን የሚችል ነው። አሻሚነትን ለማስወገድ በዚህ ጽሑፍ የበረዶ ወራትና የሙቀት ወራት የሚሉት አጠራሮች ጥቅም ላይ ውለዋል።

ከገዳም ማረፊያ እስከ ሆቴል

በአልፕስ እንግዳ መቀበል የተጀመረው ለመዝናኛ ተብሎ አይደለም። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር በ2 ሺህ 469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የታላቁ ሴንት በርናርድ መተላለፊያ፣ በ1050 አካባቢ ቅዱስ በርናርድ የመሠረቱት ገዳማዊ ማረፊያ ተራራውን ለሚያቋርጡ ነጋዴዎችና ተሳላሚዎች መጠለያ ይሰጥ ነበር። መነኮሳቱ በበረዶ የተዋጡ መንገደኞችን ለመፈለግ ያሳድጓቸው የነበሩት ግዙፍ ውሾች እስከ ዛሬ በማረፊያው ስም ይጠራሉ። ይህ ማረፊያ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። በበረዶ ወራት የመኪና መንገዱ ስለሚዘጋ እንግዶች ወደዚያ የሚደርሱት በእግራቸው ላይ የበረዶ መንሸራተቻ አጥልቀው ነው።

ተራሮቹ የመዝናኛ ሥፍራ መሆን የጀመሩት በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው የጉዞ አዘጋጅ ቶማስ ኩክ በ1863 የመጀመሪያውን ቡድን ወደ ስዊዘርላንድ መሩ። በ1865 ኤድዋርድ ዊምፐርና ጓደኞቻቸው 4 ሺህ 478 ሜትር ከፍታ ያለውን የማተርሆርን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ የተነሱት በዜርማት መንደር ከሚገኘውና የዛይለር ቤተሰብ ያስተዳድረው ከነበረው ሞንቴ ሮዛ ሆቴል ነበር። ከሰባቱ ተጓዦች አራቱ በመውረድ ላይ ሳሉ ገደል ገብተው ሕይወታቸው ቢያልፍም፣ ዜናው የመንደሪቱን ስም በመላው አውሮፓ አሰማ። በ1871 በሪጊ ተራራ ላይ የአውሮፓ የመጀመሪያው ባለ ጥርስ ሐዲድ የተራራ ባቡር ሥራ ጀመረ።

ይሁን እንጂ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሆቴሎቹ የሚሠሩት በሙቀት ወራት ብቻ ነበር። የመስከረም ወር ሲጋመስ እንግዳው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ቤቱን ዘግቶ እስከ ቀጣዩ ሰኔ ይጠብቃል። ይህን ልማድ እንደቀየረ የሚተረከው በሴንት ሞሪትዝ የኩልም ሆቴል ባለቤት የነበሩት ዮሃንስ ባድሩት በ1864 የገጠሙት ውርርድ ነው። እንደሚነገረው ባድሩት ወደ አገራቸው ለመመለስ በዝግጅት ላይ ለነበሩ እንግሊዛውያን እንግዶቻቸው በበረዶ ወራት ተመልሰው ቢመጡ በጠራ ሰማይ ሥር ፀሐይ እየሞቁ መቀመጥ እንደሚችሉ ነገሯቸው። ካልረኩ የመጓጓዣቸውን ወጪ ራሳቸው እንደሚከፍሉ፣ ከረኩ ደግሞ የፈለጉትን ያህል ጊዜ በእንግድነት እንዲቆዩ ቃል ገቡ። እንግዶቹ በገና ሰሞን መጥተው እስከ ፋሲካ ቆዩ ይባላል።

በተመሳሳይ ወቅት በዳቮስ ሐኪሙ አሌክሳንደር ሽፔንግለር የተራራው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን እንደሚበጅ በማመን በበረዶ ወራት ጭምር ታማሚዎችን መቀበል ጀመሩ። ዛሬ በዳቮስ ከሚታዩት ነባር ሆቴሎች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በ1900 የተከፈተው ሻትዛልፕ፣ መጀመሪያ የተሠሩት ለሕክምና ነበር። በደቡብ በኩል የተደረደሩት ሰፋፊ በረንዳዎቻቸው ታማሚዎች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ፀሐይ የሚሞቁባቸው ነበሩ።

የበረዶ ወራት፦ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት

ዋነኛው የሥራ ወቅት በአብዛኛው የሚጀምረው ከታኅሣሥ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ነው። በዚህ ወቅት ወደ ተራራው መድረስ ራሱን የቻለ የጉዞው አካል ነው። ከፍተኛ የመኪና መተላለፊያዎች አብዛኞቹ በበረዶ ስለሚዘጉ አስተማማኙ ማጓጓዣ ባቡር ሆኖ ይገኛል። ሴንት ሞሪትዝን በ1904 ከተቀረው የባቡር መረብ ጋር ያገናኘው የአልቡላ መስመር ዋሻዎችንና ድልድዮችን እያቆራረጠ የሚጓዝ ሲሆን፣ ከበርኒና መስመር ጋር በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዜርማት ባቡር ደግሞ በ1891 ሥራ ቢጀምርም በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት በሙቀት ወራት ብቻ ያገለግል ስለነበር የመንደሪቱ ሆቴሎች የበረዶ ወቅትን እንደ ሴንት ሞሪትዝ ቀድመው መጠቀም አልቻሉም። ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው የሆቴሉን ወቅት ከአየሩ ጠባይ እኩል የሚወስነው የትራንስፖርት አገልግሎቱ ነው።

የነባሮቹ ሆቴሎች አሠራር ለብርዱ የተመቻቸ ነው። ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮቶቻቸው ጠባብና ድርብ መስታወት ያላቸው ሲሆኑ፣ የመመገቢያና የመቀመጫ ክፍሎቻቸው መልካም ሽታ ባለው የተራራ ጥድ ጣውላ የተለበጡ ናቸው። በመሬት ወለሉ ላይ የእርጥብ ጫማና የበረዶ መንሸራተቻ ማድረቂያ ክፍል ይገኛል። አልጋው በላባ የተሞላ ወፍራም ልብስ የሚደረብበት በመሆኑ የመኝታ ክፍሉ ሙቀት ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል። ማታ ማታ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በታች መውረድ በከፍተኛ ሸለቆዎች የተለመደ ነው። ቀን ግን ሰማዩ ሲጠራ ፀሐዩ ከበረዶው ላይ ስለሚያንጸባርቅ ዓይንና ቆዳ መከላከያ ይሻሉ።

የዕለቱ መርሐ ግብርም በብርሃኑ ይወሰናል። ቁርስ በማለዳ ይቀርባል፤ እንግዳው እስከ ከሰዓት በኋላ በተራራው ላይ ይቆያል፤ ፀሐይ ገና በጊዜ ከጋራው ጀርባ ስትጠልቅ ሁሉም ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። በዚህም ምክንያት አልጋን ከቁርስና ከእራት ጋር አጣምሮ ማስከፈል የነባር ሆቴሎች ልማድ ነው። እንግዳው በቆይታው ሁሉ በአንድ በተወሰነለት ጠረጴዛ ላይ ስለሚመገብ ከአስተናጋጁና ከጎረቤቶቹ ጋር ይተዋወቃል። ብዙዎቹ ሆቴሎች በዋናው ወቅት ለአንድ ሌሊት የሚመጣ እንግዳን ከመቀበል ይልቅ ለበርካታ ሌሊቶች የሚቆየውን ይመርጣሉ።

ዋጋ በዚህ ወቅት ውስጥም እኩል አይደለም። ከአውሮፓውያን ገና እስከ አዲስ ዓመት ያለው ሣምንት እንዲሁም ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት የካቲት ወር ከፍተኛውን ዋጋ የሚያስከፍሉ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ የሆቴል ባለሙያዎች የጥር ጉድጓድ እያሉ ይጠሩታል፤ በረዶው በደህና ተከማችቶ ሳለ እንግዳው የሚቀንስበት ጊዜ ነው። የእኛ ገና የሚከበረው ይህ ጊዜ በሚጀምርበት ሰሞን መሆኑ በበዓሉ ዕረፍት ለሚጓዙ በአውሮፓ ነዋሪ የሆኑ ወገኖች አመቺ ነው። ዳቮስ ግን የዓለም የኢኮኖሚ ፎረም ዓመታዊ ስብሰባ በጥር ወር በሚካሄድበት ሣምንት ከዚህ ሕግ ውጪ ነው።

የበረዶ ወራት አደጋም አላቸው። በየካቲት 1999 በኦስትሪያ ቲሮል ግዛት በምትገኘው ጋልቱር መንደር ለቀናት ያለማቋረጥ በረዶ ከወረደ በኋላ መንገዶች ተዘግተው በርካታ ቱሪስቶች በየማረፊያቸው ታገቱ። በወሩ 23ኛ ቀን የወረደው የበረዶ ናዳ በመንደሪቱ የ31 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ የተረፉትም በሄሊኮፕተር ተጓጓዙ። ከአደጋው በኋላ መንደሪቱን የሚከላከል ከ300 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ግንብ ተሠርቷል። በአሁኑ ጊዜ በአልፕስ አገሮች ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ያለው የናዳ ማስጠንቀቂያ በየዕለቱ ይወጣል። ሆቴሎችም ለእንግዶቻቸው ይለጥፉታል። የስዊዘርላንድና የኦስትሪያ የናዳ መከላከል ዕውቀት በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ፀደይ፦ የተዘጋው በር

ከሚያዝያ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ አንስቶ በረዶው እየረጠበ ለመንሸራተትም ለእግር ጉዞም የማያመች ይሆናል። ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፤ በከፍታው ላይ ያሉት የእግር መንገዶች ገና አልተከፈቱም፤ እርጥብ የበረዶ ናዳም ያሰጋል። ስለሆነም ብዙዎቹ የተራራ ሆቴሎች እስከ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ይዘጋሉ። በብረት ገመድ ላይ የሚሄዱት ቴሌፌሪኮችም ለዓመታዊ ምርመራ ሥራ ያቆማሉ።

ይህ ጊዜ ለሆቴሉ የዕረፍት ጊዜ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጣሪያ ይጠገናል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ምንጣፍ ይታጠባል፣ ሠራተኛው ፈቃዱን ይወስዳል፣ ባለቤቱ ሒሳቡን ዘግቶ ለቀጣዩ ወቅት ይቀጥራል። እንግዳ ባለበት ወቅት ሊሠራ የማይችለው ሁሉ የሚከናወነው በእነዚህ ሣምንታት ነው። በጄኔቫ ወይም በቪየና በሚገኙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለስብሰባ ተጉዘው ከሥራ በኋላ ተራራውን ለማየት የሚያስቡ የመንግሥት ሠራተኞች በሚያዝያና በግንቦት እንዲሁም በኅዳር ሆቴሉ ክፍት መሆኑን አስቀድመው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። በእነዚህ ወራት የተሻለው አማራጭ በሐይቆች ዳርቻ ያሉት ዝቅተኛ ከተሞች ናቸው፤ በሸለቆው የፍራፍሬ ዛፍ ሲያብብ ከላይ ተራራው ገና ነጭ ሆኖ ይታያል።

የሙቀት ወራት፦ ከሰኔ እስከ መስከረም

ሁለተኛው የሥራ ወቅት በሰኔ ይጀምራል። ከፍተኛ መተላለፊያዎች በረዶው ተጠርጎ ለተሽከርካሪ ይከፈታሉ፤ በበረዶ ወራት ሊደረስባቸው የማይችሉ ሆቴሎችም ሥራ ይጀምራሉ። ከእነዚህ አንዱ ከላይ የተጠቀሰውና ከ1830ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንግዳ የሚቀበለው ፋውልሆርን ነው። ወደዚህ ሆቴል የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ እንግዳው በእግሩ ይወጣል። ውኃ በቁጠባ የሚገኝ በመሆኑ በከተማ ሆቴል የለመደውን የገላ መታጠቢያ የሚጠብቅ መንገደኛ አያገኘውም። የሚያገኘው በማለዳ በደቡብ በኩል የተደረደሩትን ባለ ግግር በረዶ ጫፎች ፀሐይ ስትነካቸው የማየት ዕድል ነው።

በዚህ ወቅት የሆቴሉ እንግዳ ተለውጧል። ወጣት ስፖርተኞች በሚበዙበት የበረዶ ወቅት ፈንታ ቤተሰቦችና ረጋ ብለው የሚራመዱ አዛውንቶች ይበዛሉ። የቀኑ ብርሃን ረጅም ስለሆነ የእግር ጉዞ በጧት ይጀመራል። ከሰዓት በኋላ በድንገት ደመና ተሰባስቦ መብረቅና ዶፍ ሊጥል ስለሚችል ልምድ ያላቸው ባለ ሆቴሎች እንግዶቻቸውን በማለዳ እንዲወጡና ከቀኑ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት በፊት ከጫፎች እንዲወርዱ ይመክራሉ። በብዙ ሥፍራዎች እንግዳው በሌሊት ሒሳብ የሚከፍለው የእንግዳ ቀረጥ አለ፤ በምላሹም የአካባቢውን አውቶቡስ፣ በአንዳንድ ቦታዎችም ቴሌፌሪክ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠቀምበት ካርድ ይሰጠዋል።

በዚሁ ጊዜ ከብቶች ከሸለቆው ወጥተው በከፍተኛው ግጦሽ ላይ ይሰማራሉ። በአንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ደወል ድምፅ በእያንዳንዱ ሆቴል መስኮት ይሰማል፤ በዚያ የሚሠራው አይብም በሆቴሉ ገበታ ላይ ይቀርባል። ይህ የስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ ወቅት በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በደጋና በቆላ መካከል ከብት እያዘዋወረ ለሚያረባ ማኅበረሰብ አዲስ ያልሆነው ይህ ልማድ ለሆቴሎቹም ጥቅሙ ግልጽ ነው። ግጦሹ ባይኖር ሜዳው በቁጥቋጦ ተወርሮ እንግዳው የሚመጣበት መልክዓ ምድር ይለወጥ ነበር።

መፀው፦ ወርቃማው ማብቂያ

ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ከብቶቹ በአበባ አጊጠው ወደ መንደር ይወርዳሉ፤ በዓልም ይሆናል። አየሩ ይረጋጋል፤ የዕይታ ርቀቱ ይጨምራል፤ ከደቡብ ተራራውን ተሻግሮ የሚወርደው ፎን የተባለ ደረቅ ነፋስ አንዳንድ ጊዜ ያልተጠበቀ ሙቀት ያመጣል። በኤንጋዲን ሸለቆ የሚበቅለው ላርች የተባለው ዛፍ ከጥድ ወገን ሆኖ ሳለ ቅጠሉን የሚያረግፍ በመሆኑ በጥቅምት ወር ሸለቆው በሙሉ ወርቃማ ቀለም ይለብሳል። በገበታው ላይ የአጋዘንና የሌሎች የዱር እንስሳት ሥጋ ከደረት ነት ጋር ይቀርባል።

ነባር ሆቴሎችን የሚያውቁ ብዙ እንግዶች ይህን ወቅት ይመርጣሉ። ዋጋው ከዋናው ወቅት ይቀንሳል፤ እንግዳው ጥቂት ስለሆነ ባለቤቱም ጊዜ አለው። በሲልስ ማሪያ መንደር በ1908 ተከፍቶ እስከ ዛሬ በአንድ ቤተሰብ ትውልድ እየተወራረሰ የሚተዳደረው ቫልድሃውስን የመሳሰሉ ሆቴሎች እስከ ጥቅምት ከቆዩ በኋላ ይዘጋሉ። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የዓመቱ ሁለተኛው የመሸጋገሪያ ጊዜ ነው።

ከወቅቱ ጀርባ ያለው አስተዳደር

በዓመት ከሰባት እስከ ስምንት ወር ብቻ ገቢ የሚያስገኝ ሕንፃ ዓመቱን ሙሉ ወጪ አለው። ይህ ሚዛን እንዲጠበቅ የመንግሥት ፖሊሲ ወሳኝ ሚና ተጫውቷል። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንግዳውን ሲያቋርጥ የስዊዘርላንድ መንግሥት በ1915 ያለ ፈቃድ አዲስ ሆቴል መሥራትን ከለከለ፤ ገደቡም በተለያየ መልክ እስከ 1952 ቆየ። ዓላማው ባዶ አልጋ የበዛባቸውን ነባር ሆቴሎች ከውድቀት ማዳን ነበር። ዛሬ እንደ ቅርስ የሚታዩ በርካታ ሕንፃዎች ሳይፈርሱ የቆዩት ከዚህ ገደብና ከገንዘብ እጥረት የተነሳ እንደሆነ ይታመናል።

የሰው ኃይልም የራሱ ታሪክ አለው። በ1893 በሎዛን የተከፈተው የሆቴል ትምህርት ቤት በዓለም የመጀመሪያው ሲሆን ሙያው በሥርዓት እንዲሰጥ አድርጓል። በሌላ በኩል ከ1934 እስከ 2002 በሥራ ላይ የነበረው የወቅት ሠራተኞች ደንብ የውጭ አገር ዜጎች በዓመት እስከ ዘጠኝ ወር ብቻ እንዲሠሩና ቤተሰባቸውን ይዘው እንዳይመጡ ያስገድድ ነበር። ሆቴሉ በወቅቱ ሲጠቀም ሠራተኛው በየዓመቱ ከልጆቹ ይለይ ነበር፤ ልጆቻቸውን ደብቀው ያሳደጉም ነበሩ። ደንቡ የቀረው ስዊዘርላንድ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የሰዎችን ነፃ ዝውውር ስምምነት ተግባራዊ ስታደርግ ነው። የወቅታዊ ሥራ ጥቅም ሲሰላ ይህ ወገንም መቆጠር እንዳለበት ታሪኩ ያስረዳል።

ሌላው ጉዳይ የመሬት አጠቃቀም ነው። ለዓመቱ ጥቂት ሣምንታት ብቻ የሚከፈቱ የግል የመዝናኛ ቤቶች በመብዛታቸው መንደሮች በመሸጋገሪያ ወራት ሰው አልባ እየሆኑ መጡ። የስዊዘርላንድ ሕዝብ በመጋቢት 2012 በሰጠው ድምፅ በ50 ነጥብ 6 በመቶ ድጋፍ እንዲህ ዓይነት ቤቶች በአንድ ወረዳ ካሉት መኖሪያዎች ከ20 በመቶ እንዳይበልጡ ወስኗል። በመስኮቱ መብራት የሚታይበት ሆቴል ለመንደሩ ዳቦ ቤት፣ ትምህርት ቤትና አውቶቡስ መኖር ምክንያት ነው የሚለው ክርክር በውሳኔው ውስጥ ጉልህ ሥፍራ ነበረው።

እየቀለጠ ያለው ወቅት

ይህ ሁሉ አደረጃጀት የቆመው ወቅቶች በየጊዜያቸው ይመጣሉ በሚል እምነት ላይ ነው። እምነቱ አሁን ተናግቷል። የስዊዘርላንድ ግግር በረዶዎች በ2022 እና በ2023 በሁለት ዓመታት ብቻ ከነበራቸው መጠን 10 በመቶ ያህሉን አጥተዋል። በ2023 የወጣ የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በአልፕስ በረዶ መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከረጅም ዘመን አማካዩ በ36 ቀናት ያህል ማጠሩንና እንዲህ ያለው መቀነስ ባለፉት 600 ዓመታት አለመታየቱን አመልክቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2025ን ዓለም አቀፍ የግግር በረዶ ጥበቃ ዓመት ብሎ መሰየሙም የችግሩን ስፋት ያሳያል።

የለውጡ ግልጽ ምልክት በፉርካ መተላለፊያ ላይ ይገኛል። በ1882 የተከፈተው ቤልቬዴር ሆቴል የተሠራው ከአዲስ አበባ ጋር በተቀራረበ ከፍታ፣ ከሮን ግግር በረዶ አጠገብ ነበር። እንግዶች ከመስኮታቸው ሆነው ሰማያዊውን የበረዶ ግድግዳ ይመለከቱ፣ በየዓመቱ በውስጡ በሚቆፈረው ዋሻ ይራመዱ ነበር። በረዶው ግን ዓመት ከዓመት እያፈገፈገ ሆቴሉ በባዶ ዐለት መካከል ቀረ፤ በ2015ም ተዘጋ። የቀረውን የዋሻ ክፍል ከፀሐይ ለመከላከል በሙቀት ወራት ነጭ ብርድ ልብስ መሰል ጨርቅ ይለብስ የነበረበት ሁኔታ በዓለም መገናኛ ብዙኃን በተደጋጋሚ ታይቷል። በግንቦት 2025 ደግሞ በዚሁ በቫሌ ግዛት የብላተን መንደር ከላዩ በተደረመሰ ግግር በረዶና ዐለት ተውጧል። 300 ያህሉ ነዋሪዎች ባለሥልጣናት ከቀናት በፊት በሰጡት ትእዛዝ ለቀው በመውጣታቸው አብዛኛው ሕይወት ሲተርፍ፣ መኖሪያ ቤቶችና ሆቴሎች ግን አልተረፉም።

ሆቴሎቹ የሚወስዱት እርምጃ እንደየከፍታቸው ይለያያል። በዝቅተኛ ቦታ ያሉት በመሣሪያ በረዶ ይሠራሉ፤ ይህም ብዙ ውኃና ኤሌክትሪክ ከመጠየቁም በላይ አየሩ ከዜሮ በታች ካልወረደ አይሠራም። ሌሎች የሙቀት ወራቱን ወደፊትም ወደኋላም እያራዘሙ መፀውን ዋነኛ ወቅት ለማድረግ በመጣር ላይ ናቸው። በሜዳማ ከተሞች ሙቀቱ እየበረታ በመምጣቱ የተራራውን ቅዝቃዜ ፈልገው የሚወጡ እንግዶች አሉ። ይህም የከተማ ቤተሰቦች ከሙቀት ሸሽተው በተራራ የሚከርሙበት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ ነበር።

በማጠቃለያም፣ በአልፕስ ነባር ሆቴል ለማረፍ የሚያስብ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ሆቴሉ በዚያ ሣምንት ክፍት ነው ወይ? መንገዱና ቴሌፌሪኩ ይሠራሉ ወይ? እራት በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? የእንግዳ ካርድ ይሰጣል ወይ? ለዘርፉ ኃላፊዎች ደግሞ የአልፕስ ተሞክሮ የሚያሳየው ወቅት ተፈጥሮ ብቻ የሚወስነው ጉዳይ አለመሆኑን ነው። የባቡር መርሐ ግብር፣ የመሬት ሕግ፣ የሙያ ትምህርት፣ የሠራተኛ መብትና የአደጋ ማስጠንቀቂያ ተደምረው አንድን ተራራማ መንደር በዓመት ለስንት ወር ገቢ እንደሚያገኝ ይወስናሉ። በረዶው እየቀነሰ በሄደ መጠንም ለሰው ውሳኔ የሚቀረው ድርሻ ከቀድሞው ከፍ ይላል።